የኪራይ ሠረገላ ሥርዓት በለንደን ከተማ

መንገድ የሕዝብ ነው፤ ሠረገላው ግን የባለቤቱ ነው፤ የሚሳፈረው መንገደኛ ደግሞ ከፊቱ ተቀምጦ ልጓም የያዘው ሰው ከየት እንደ መጣ፣ ጠባዩ ምን እንደ ሆነ፣ ሊያደርሰው የሚገባውንም ሰፈር በእርግጥ ያውቀው እንደ ሆነ ሳይመረምር፣ ነፍሱንና ገንዘቡን አደራ የሚሰጥ እንግዳ ነው። ከዚህ የተነሣ ሠረገላ በኪራይ በሚነዳበት ከተማ ሁሉ ሹማምንት፣ ይዋል ይደር እንጂ፣ እጃቸውን ሳያገቡ የቀሩበት ጊዜ የለም። እጃቸውንም ባገቡ ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፤ ሠረገሎቹ ስንት ይሁኑ? ዋጋቸው ምን ያህል ይሁን? ነጂያቸውስ ማን ይሁን? የለንደን ከተማ እነዚህን ጥያቄዎች አራት መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ስትመልስና መልሷን መልሳ ስትሽር የኖረች ስለ ሆነች፣ ታሪኳን የሚመረምር ሰው ከሦስቱ የትኛው ለሕዝብ እንደ ጠቀመ፣ የትኛውም ለጥቂቶች ብቻ ሲሳይ ሆኖ እንደ ቀረ ሊረዳው ይችላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በጥንት ዘመን የለንደን ዋና መንገድ የቴምዝ ወንዝ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ሰፈር ከዌስትሚንስተር ተነሥቶ ነጋዴዎች ወደሚኖሩበት ወደ አሮጌው ከተማ ለመሄድ የፈለገ ሰው፣ ጭቃና ጕድጓድ ከበዛበት ጠባብ ጐዳና ይልቅ በጀልባ መሄድን ይመርጥ ነበር፤ የቀዛፊዎቹም ዋጋ በ1514 በወጣ ሕግ ተወስኖ፣ በ1555 ደግሞ ራሱን የቻለ ማኅበር ቆሞላቸው ነበር። እንግዲህ በኪራይ የሚነዳ ሠረገላ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጐዳናው እየበዛ ሲሄድ፣ የመጀመሪያዎቹ ተቃዋሚዎቹ እነዚሁ ቀዛፊዎች መሆናቸው አያስደንቅም። ከእነርሱም አንዱ፣ መቅዘፊያና ብዕር አጣምሮ ይዞ የኖረው ጆን ቴይለር፣ ዓለም በመንኰራኵር ላይ መሮጧን በርእሱ የሚናገር መጽሐፍ በ1623 አሳትሞ ሠረገላን አጥብቆ ነቀፈ። በእውነቱ ሰውየውን የቈጨው የከተማው ጸጥታ ሳይሆን የገዛ እንጀራው ነበር፤ ነገር ግን ለእንጀራ የሚደረግ ክርክር በሕዝብ ጥቅም ስም መምጣቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግመን የምናገኘው ነገር ነው።

በ1634 ቤይሊ የተባለ፣ ከባሕር አገልግሎት ያረፈ ካፒቴን አራት ሠረገሎች አሰናድቶ፣ ለነጂዎቹም አንድ ዐይነት ልብስ አልብሶ፣ ስትራንድ በሚባለው ጐዳና የበዓል ምሰሶ ከተተከለበት ስፍራ አቆማቸው፤ ወደ እያንዳንዱ የከተማው ክፍል ምን ያህል እንዲያስከፍሉም ወስኖ አዘዛቸው። ሌሎቹ ባለ ሠረገሎች ይህን ባዩ ጊዜ ወደዚያው ስፍራ ተሰብስበው በእርሱ ዋጋ ይሠሩ ጀመር። ስለዚህ ቋሚ መቆሚያ፣ የታወቀ ዋጋና የደንብ ልብስ፣ ኋላ ሹማምንት በዐዋጅና በቅጣት የተከራከሩባቸው እነዚህ ሦስቱ ነገሮች፣ አስቀድመው የተገኙት በአንድ ጡረተኛ መርከበኛ ብልሃት እንጂ በመንግሥት ትእዛዝ አልነበረም።

መንግሥት የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1636 መባቻ፣ ይኸውም ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ቈረቈሩ በሚባልበት ዓመት፣ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በኪራይ ሠረገሎች ላይ ዐዋጅ አስነገሩ። ምክንያቱም ሲተነተን፣ የሠረገሎቹ መብዛት ንጉሡን፣ ንግሥቲቱንና መኳንንቱን መተላለፊያ አሳጣቸው፤ የጐዳናው ንጣፍ ተሰባበረ፤ የፈረስ ድርቆሽና ቀለብ ተወደደ የሚል ነበር። ስለዚህ ማናቸውም የኪራይ ሠረገላ፣ ከከተማ ውጭ ቢያንስ ሦስት ማይል ለሚሄድ መንገደኛ ካልሆነ በቀር፣ በለንደንና በዌስትሚንስተር እንዳይሠራ ተከለከለ፤ በገዛ ሠረገላው የሚሄድ ሰው እንኳ፣ ንጉሡ በፈለጉ ጊዜ ለአገልግሎታቸው የሚሰጣቸው አራት ብርቱ ፈረሶች ከሌሉት በቀር፣ በከተማው ጐዳና እንዳይነዳ ታዘዘ። አንባቢ ልብ ይበል፤ የዚህ ዐዋጅ ጭንቀት ስለ ንጉሡ መንገድና ስለ ንጉሡ ፈረሶች ነው እንጂ ስለ ተሳፋሪው ደኅንነት ወይም ስለ ነጂው ጠባይ አልነበረም።

ሆኖም የለመደ እግር በዐዋጅ አይታሰርምና፣ በዓመቱ በ1637 ንጉሡ ክልከላውን አላልተው፣ ባልደራሳቸው ማርኲስ ሃሚልተን ኀምሳ ባለ ሠረገሎች ብቻ መርጠው እንዲፈቅዱላቸው፣ እያንዳንዱም እስከ 12 ፈረስ እንዲያኖር አደረጉ። የቍጥር ወሰን በለንደን ታሪክ ውስጥ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ለኀምሳው ሰዎች ጸጋ፣ ለቀረው ሁሉ ግን የተዘጋ በር ነበረ።

ንጉሡ በ1649 በገዛ ተገዦቻቸው ፍርድ አንገታቸው ከተቈረጠ በኋላ፣ አገሩን በጠባቂነት ስም የገዙት ኦሊቨር ክሮምዌል ነገሩን እንደ ገና አነሡት። በ1654 የወጣው ሥርዓት የባለ ሠረገሎችን ማኅበር አቆመ፤ አባሎቹ ከሁለት መቶ፣ ሠረገሎቻቸው ከሦስት መቶ፣ ፈረሶቻቸውም ከስድስት መቶ እንዳይበልጡ ወሰነ፤ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው ግን ማኅበሩ በከተማይቱ ሽማግሌዎች ጉባኤ ሥልጣን ሥር መግባቱ ነው። ዋጋውን፣ መቆሚያውንና የሥራውን ሥነ ሥርዓት የሚቈጣጠሩት እንግዲህ ጐዳናውን የሚጠርጉትና የሚጠግኑት የከተማይቱ ሹማምንት ራሳቸው ሆኑ። ይህም ከሦስት ዓመት በላይ አልቈየም፤ ማኅበሩ በ1657 ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣኑ ከንጉሥ ወደ ፓርላማ፣ ከፓርላማ ወደ ኮሚሽነሮች፣ ከኮሚሽነሮች ወደ ቴምብር መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ሲዛወር ኖረ እንጂ፣ የለንደን ነዋሪ ወደ መረጠው የከተማ አስተዳደር እጅ እስኪመለስ ድረስ ሦስት መቶ አርባ ዓመት አልፏል።

የዘውዱ መንግሥት በ1660 ሲመለስ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ አባታቸው የተሰናከሉበትን መንገድ ተከትለው የኪራይ ሠረገሎች በጐዳና ቆመው ተሳፋሪ እንዳይጠብቁ አሳወጁ። በባሕር ኀይል ጽሕፈት ቤት ሹም የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ በዕለት ማስታወሻው እንደ መሰከረው፣ ዐዋጁ በሚጸናበት በመጀመሪያው ቀን እርሱ ራሱ የኪራይ ሠረገላ አግኝቶ ወደ ቤቱ ተሳፍሯል። የመንግሥት ሹም በመንግሥት ዐዋጅ ላይ እንዲህ ከተሳፈረ፣ ተራው ሕዝብ ምን ያደርግ እንደ ነበር ለአንባቢ እንተወዋለን። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓርላማው ይበልጥ አስተውሎ፣ ማጥፋት ያልተቻለውን ነገር ገቢ ማድረግ ይሻላል በሚል ሐሳብ፣ አራት መቶ ሠረገሎች በዓመት አምስት ፓውንድ እየከፈሉ እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ገንዘቡም ለጐዳና ንጣፍና ለፍሳሽ ማስወገጃ እንዲውል አደረገ። ዋጋውም በሕጉ ተጻፈ፤ ሙሉ ቀን ለተከራየ ዐሥር ሽልንግ፣ በሰዓት ለተከራየ ግን ለመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሽልንግ ተኩል፣ ከዚያ በኋላ ለሚቈጠረው ሰዓት ሁሉ አንድ አንድ ሽልንግ ሆነ። ጐዳናውን የሚያበላሸው ሠረገላ ለጐዳናው ማደሻ እንዲከፍል መደረጉ ከፍርድ የራቀ አይደለም፤ የዚያ ዘመን ሕጎች ከሠሯቸው በጎ ነገሮችም አንዱ ይኸው ነው።

ነገር ግን ገንዘብ የሚያስገባ ወሰን ጌታውን ማስጐምጀቱ አይቀርም። በ1694 ከፈረንሳይ ጋር የሚደረገው ጦርነት የመንግሥቱን ግምጃ ቤት ባራቈተው ጊዜ፣ የፈቃዱ ቍጥር ወደ ሰባት መቶ ከፍ ተደርጎ፣ እያንዳንዱ ፈቃድ ለ21 ዓመት በኀምሳ ፓውንድ ተሸጠ፤ በዓመትም አራት ፓውንድ ተጨመረበት። ሥራውን የሚመሩ ኮሚሽነሮችም ተሾሙ። ኀምሳ ፓውንድ በዚያ ዘመን ለድኻ ነጂ የማይደረስበት ሀብት ነበር፤ ለሃያ አንድ ዓመት የተገዛ ፈቃድም መሬት እንደ መግዛት ያለ ርስት ሆነ፤ ከዚህም የተነሣ ፈቃዱን የያዘው ሌላ፣ ከፈረሱ ኋላ ተቀምጦ ዝናብ የሚመታው ሌላ የሚሆንበት ልማድ ሥር ሰደደ። ኮሚሽነሮቹ የተሳፋሪውን አቤቱታ እየሰሙ ነጂውን ይቀጡ እንደ ነበር መካድ አይገባም፤ ዳኝነታቸው ግን አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ነበር። በ1695 ገደማ ፊታቸውን በጭንብል የሸፈኑ ሴቶች በኪራይ ሠረገላ ሆነው ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከመኳንንቱ ጋር ያልተገባ ነገር ተነጋገሩ ተብሎ፣ የኪራይ ሠረገላ ሁሉ ወደዚያ መናፈሻ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ክልከላውም የተነሣው በ1924 ነው። የጥቂት ሴቶች ቀልድ ለማያውቋቸው ነጂዎችና ለልጅ ልጆቻቸው ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ዕዳ ሆኖ ኖረ።

አሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ብዙ የሚነገርለት ነገር የለውም። የፈቃዱ ቍጥር ወደ ስምንት መቶ፣ በ1771 ደግሞ ወደ አንድ ሺህ ከፍ አለ፤ የከተማው ሕዝብ ግን በዚያው መቶ ዓመት ወደ ዕጥፍ ተቃርቦ ነበር። ሠረገሎቹም አብዛኛውን ጊዜ ከመኳንንት ቤት የተጣሉ አሮጌዎች ስለ ነበሩ፣ በበሮቻቸው ላይ የቀድሞ ጌቶቻቸውን አርማ እንደ ተሸከሙ በየጐዳናው ይንቀጠቀጡ ነበር። ተፎካካሪ የማይበዛበት ሰው የሚሻሻልበት ምክንያት የለውምና፣ የተዘጋ ንግድ ይህን የመሰለ ዝገት ማፍራቱ ተፈጥሮው ነው።

ዝገቱን የፋቀው ከፈረንሳይ የመጣው ቀላሉ ባለ ሁለት መንኰራኵር ጋሪ ነው። በ1823 ዐሥራ ሁለት እንዲህ ያሉ ጋሪዎች ለንደን ውስጥ ሥራ ጀመሩ፤ ከባዱ ሠረገላ ለአንድ ማይል አንድ ሽልንግ ሲያስከፍል እነርሱ በስምንት ፔኒ ይሄዱ ስለ ነበር ሕዝቡ ወዲያው ወደዳቸው። ከዚህ በኋላ የቍጥሩ ወሰን ሊጸና አልቻለም፤ በ1831 የወጣው ሕግ ኮሚሽነሮቹን አሰናብቶ ሥራውን ለቴምብር መሥሪያ ቤት ሲያስረክብ የቍጥሩንም ወሰን እንዲቀር አደረገ። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው አጥር ያለ ብዙ ጩኸት ፈረሰ። በ1834 ጆሴፍ ሃንሰም የተባለ የሕንፃ ሥራ ዐዋቂ የማይገለበጥ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ጋሪ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ ጋሪውም ከተሻሻለ በኋላ እስከ ሞተር ዘመን ድረስ የለንደን ጌጥ ሆነ። ስለ 1831ዱ ሕግ የሚነገር አንድ ተረት እዚህ ላይ መታረም ይገባዋል፤ የለንደን ታክሲ ነጂ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሞተር መኪናው ውስጥ ድርቆሽ እንዲይዝ በሕግ ይገደድ ነበር እየተባለ ይወራል። ሕጉ የሚለው ነጂው ፈረሱን በጐዳና ሲቀልብ ድርቆሹን በእጁ ይዞ፣ እህሉን ደግሞ በከረጢት አድርጎ ይስጠው እንጂ በመንገድ ላይ አይዝራ ነው፤ የቀረው ሁሉ የጨዋታ ጭማሪ ነው።

ቍጥሩ ልቅ ከሆነ ወዲህ የመንግሥት ዐይን ወደ ነጂው ዞረ። በ1843 ነጂው ፈቃድና በደረቱ የሚያንጠለጥለው ቍጥር ያለበት ምልክት እንዲይዝ ታዘዘ፤ በ1850 ሥልጣኑ ሁሉ ወደ ከተማው ፖሊስ ተዛወረ፤ በ1853 ደግሞ ፖሊስ እያንዳንዱን ጋሪ እየመረመረ ፈቃድ እንዲሰጥ፣ ተሳፋሪ ረስቶ የወረደውን ዕቃ ነጂው በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ጣቢያ እንዲያስረክብ ተደነገገ። ይህ ሁሉ መልካም ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ የአንዱን ማይል ዋጋ ወደ ስድስት ፔኒ ዝቅ አደረገው። አብዛኞቹ ነጂዎች ጋሪውን ከባለ ንብረቱ ዘንድ በየቀኑ በቍርጥ ዋጋ የሚከራዩ ነበሩ፤ ዋጋው በሕግ ሲቀነስ የባለ ንብረቱ ኪራይ ግን አልተቀነሰም፤ ስለዚህ የፓርላማው ቸርነት የተከፈለው ከነጂው ልጆች ምሳ ላይ ተቀንሶ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ ነጂዎቹ ጋሪዎቻቸውን ከጐዳና አስገቡ፤ የፓርላማው አባሎችም ሦስት ቀን ያህል በእግራቸው ከተጓዙ በኋላ ከከተማው መካከል ርቆ ለሚሄደው መንገድ የተሻለ ዋጋ ፈቀዱ። ዋጋን የሚወስን ሹም ዋጋው ከማን ጕሮሮ እንደሚወጣ አስቀድሞ ካልመረመረ ውሳኔው ግማሽ ፍርድ መሆኑን ይህ ነገር ያሳያል።

ከለንደን ውጭ ያሉት የእንግሊዝ ከተሞች ሌላ ዕድል ገጠማቸው። በ1847 የወጣው የከተሞች ፖሊስ ሕግ የየከተማው ምክር ቤት ተገቢ መስሎ የታየውን ያህል የኪራይ ሠረገላ እንዲፈቅድ ሥልጣን ሰጠው። እንግዲህ ለንደን የከተማ አስተዳደሯን ሥልጣን ነፍጋ የቍጥርን አጥር ስታፈርስ፣ ሌሎቹ ከተሞች ሥልጣኑን ለምክር ቤቶቻቸው ሰጥተው አጥሩን አቆሙ። በየምክር ቤቱ አዳራሽ ወንበር ያላቸው ጥቂት ባለ ንብረቶች ድምፅ፣ በዝናብ ቆሞ ሠረገላ ከሚጠብቀው ሕዝብ ድምፅ ይልቅ ይሰማ ነበርና፣ ፈቃዱ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ በብዙ ገንዘብ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። በ1985 የወጣ ሕግ ምክር ቤቶች ያልተሟላ የሕዝብ ፍላጎት አለመኖሩን ካላረጋገጡ በቀር ፈቃድ እንዳይከለክሉ አዘዘ፤ በብዙ ቦታ ግን ልማዱ አልጠፋም። የራስ ከተማ መንግሥት ለሕዝብ ቅርብ ስለ ሆነ ብቻ ለሕዝብ ያደላል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በሌላ ስፍራ ይገኛል። በ1851 በሃይድ ፓርክ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ከየአገሩ የጐረፈው እንግዳ፣ ነጂዎቹ የጠራላቸውን ሰፈር እንደማያውቁት አጥብቆ አማረረ። የፖሊሱ አዛዥ ሰር ሪቻርድ ሜይን ይህን መነሻ አድርገው፣ ነጂ ለመሆን የሚሻ ሁሉ ስለ ከተማው ያለውን ዕውቀት በፈተና እንዲያስመሰክር ሥርዓት ሠሩ፤ ሥርዓቱ የጸናበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ 1865 ተብሎ ይጻፋል። ፈተናው እስከ ዛሬ ድረስ በአጭሩ ዕውቀት ተብሎ ይጠራል። ተማሪው ከቻሪንግ ክሮስ ተነሥቶ በስድስት ማይል ዙሪያ ያሉትን ሃያ አምስት ሺህ የሚያህሉ ጐዳናዎች፣ ከነአብያተ ክርስቲያናቱ፣ ከነሆስፒታሎቹ፣ ከነፍርድ ቤቶቹና ከነሆቴሎቹ በቃሉ መያዝ አለበት። መነሻ የሚሆነው ሰማያዊ መጽሐፍ የሚሉት ዝርዝር 320 መንገዶች አሉበት፤ የመጀመሪያውም ከማነር ሀውስ ወደ ጊብሰን አደባባይ የሚወስደው ነው። ተማሪው ቀን በትንሽ ሞተር ሳይክል ሆኖ፣ ካርታ ከፊቱ ለጥፎ፣ በብርድና በዝናብ መንገዶቹን ሲዞር ይውላል፤ ማታ ከጓደኛው ጋር ተቀምጦ የመንገዶቹን ስም በተራቸው፣ መታጠፊያውንም ግራና ቀኝ እያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበንባል፤ ጓደኛውም መጽሐፉን ይዞ ያርመዋል። ይህን ልማድ የሰማ የአገራችን ሰው፣ የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ከመቅረቡ በፊት ቀለሙን ከጓደኛው ጋር የሚቀጽልበትን፣ ዳዊቱንም በቃሉ የሚወጣበትን ጊዜ ሳያስታውስ አይቀርም።

ከዚያም ተማሪው ልብሱን አሳምሮ፣ ክራቫቱን አስሮ በፈታኙ ፊት ይቀርባል። ፈታኙ ሁለት ስፍራ ይጠራለታል፤ እርሱም ካርታ ሳይመለከት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ ጐዳና በጐዳና ይተርካል። መጀመሪያ በየ56 ቀኑ፣ እየበሰለ ሲሄድ በየ28 ቀኑ፣ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ በየ21 ቀኑ እየተመላለሰ ይፈተናል፤ ጠቅላላው ትምህርት ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ሁሉን የጨረሰ ሰው አረንጓዴውን ምልክት ያገኛል፤ በከተማው ዳርቻ ብቻ ለመሥራት የሚፈተነው ደግሞ ቢጫውን ይይዛል። በ2000 ኤሊኖር ማግዋየር የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የእነዚህን ነጂዎች አንጐል በመሣሪያ መርምረው፣ የቦታን ትዝታ የሚያኖረው የአንጐል ክፍል የኋለኛው ወገን ከሌላው ሰው ይልቅ ሰፍቶ ማግኘታቸውን ባሳተሙ ጊዜ፣ የአንድ ፖሊስ አዛዥ ትእዛዝ በሰው ሥጋ ላይ ሳይቀር ምልክቱን መተዉ ታወቀ።

እንዲህ ያለው ፈተና ራሱ ሌላ አጥር ነው፤ በዘዴ የቍጥር ወሰን ነው የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ጨርሶ ከንቱ አይደለም፤ ሦስት ዓመት ያለ ደመወዝ መማር ለድኻ ቀላል ነገር አይደለምና። ሆኖም ኀምሳ ፓውንድ የሚጠይቅ በርና ትጋት የሚጠይቅ በር አንድ አይደሉም፤ በመጀመሪያው የገባ ሰው ለተሳፋሪው የሚያመጣለት ነገር የለም፤ በሁለተኛው የገባው ግን ከተማውን በልቡ ይዞ ይመጣል። ፈቃዱም ከርሱ ጋር የሚሞት ስለ ሆነ የሚሸጠውም የሚያወርሰውም የለውም።

ሥርዓቱ የነጂውን ዕውቀት ሲያጠራ ሆዱንና ጤናውን ረስቶ ነበር። ሕጉ ነጂው በመቆሚያው ላይ ጋሪውን ትቶ እንዳይሄድ ስለሚከለክል፣ ትኩስ ምግብ የፈለገ ሰው ወይ ጋሪውን ለልጅ አስጠብቆ ወደ መጠጥ ቤት መግባት፣ ወይም በዝናብ ተቀምጦ መራብ ነበረበት። ይህን የተመለከቱ ደጋግ ሰዎች፣ የጋዜጣ አዘጋጁ ካፒቴን አርምስትሮንግና የሻፍትስበሪው መስፍን ከነርሱ መካከል ሆነው፣ በ1875 ለነጂዎች መጠለያ የሚያሠራ በጎ አድራጎት አቋቋሙ። የመጀመሪያው መጠለያ በሴንት ጆንስ ዉድ፣ በአኬሽያ መንገድ ተሠራ፤ ከዚያም እስከ 1914 ድረስ ስልሳ አንድ ያህል ተሠሩ። መጠለያዎቹ በሕዝብ ጐዳና ላይ የሚቆሙ ስለ ነበሩ ፖሊስ አንዱ ፈረስና ጋሪው ከሚይዙት ስፍራ እንዳይበልጡ ወሰነ፤ ከዚህም የተነሣ በአረንጓዴ ቀለም የተቀቡ ጠባብና ረዣዥም የእንጨት ቤቶች ሆኑ። በውስጣቸው ቍማር መጫወት፣ መጠጥ መጠጣትና ስለ ፖለቲካ መከራከር የተከለከለ ነበር፤ የመጨረሻው ክልከላ ምን ያህል እንደ ተከበረ ነጂ የሚያውቅ ሁሉ ይፈርደዋል። ዐሥራ ሦስቱ እስከ ዘመናችን ቆመዋል።

የሞተር ዘመን በመጣ ጊዜ ፖሊስ ያንኑ ጥብቅነት ከሰውየው ወደ መኪናው አዛመተው። በ1897 የታዩት፣ በርሲ የተባሉት የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ብዙ ሳይቈዩ ቢጠፉም፣ የቤንዚን ሞተር ከ1903 ጀምሮ ገባ፤ በ1906 የወጣው ደንብም ማናቸውም ታክሲ በ25 ጫማ ስፋት ውስጥ መዞር እንዲችል አዘዘ። የለንደን ታክሲ ከሌላው ዓለም መኪና የተለየ መልክ የያዘው በዚህ ደንብ የተነሣ ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ብሩን በ1891 የፈለሰፈው ታክሲሜትር በ1907 በሞተር ታክሲዎች ሁሉ ላይ በግድ እንዲገባ ተደረገ፤ በተሳፋሪና በነጂ መካከል ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ሲካሄድ የኖረውን የዋጋ ጠብም ከሞላ ጐደል አበረደው። በ1913 መጀመሪያ ባለ ንብረቶች ለነጂዎች የሚሸጡትን የቤንዚን ዋጋ በጨመሩ ጊዜ ግን ነጂዎቹ ለሳምንታት ሥራ አቆሙ። በየካቲት 1966 ዓመተ ምሕረት የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መጨመር ምክንያት ያደረጉትን አድማ፣ ያም ያመጣውን መዘዝ የሚያስታውስ አንባቢ፣ ዋጋው ታስሮ ወጪው ሲፈታ ምን እንደሚሆን ሌላ አስረጅ አያስፈልገውም።

ለንደን በ1831 የጣለችውን አጥር ሌሎች ከተሞች ኋላ አንሥተው ለራሳቸው መትከላቸው ይገርማል። ኒው ዮርክ በ1937 የሃስ ሕግ በተባለው የፈቃዱን ቍጥር ዘጋች፤ ያ ፈቃድ በ2014 ገደማ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ዋጋው በወደቀ ጊዜም በብድር የገዙት ብዙ ስደተኞች ነጂዎች በዕዳ ተቀበሩ። ዋሽንግተን በአንጻሩ ቍጥር ሳትወስን ስለ ኖረች፣ ከአገራችን የተሰደዱ ብዙ ሰዎች በገዛ መኪናቸው ነጂም ባለ ንብረትም ሊሆኑባት ቻሉ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ዋጋው በቀጠና ይቈጠርባት የነበረችው ይህች ከተማ በ2008 ወደ ታክሲሜትር ስትዞር ነጂዎቹ ተቃውመው ነበር፤ በ2009ና በ2011 የቍጥር ወሰን የሚያቆም ረቂቅ ለምክር ቤቷ በቀረበ ጊዜም ከተቃወሙት መካከል ኢትዮጵያውያን ነጂዎች በግንባር ቀደምትነት ይታዩ ነበር። ረቂቁም ሕግ ሳይሆን ቀረ። በታክሲሜትሩ ነገር ያመነቱትን ነጂዎች መውቀስ ይቻል ይሆናል፤ በቍጥሩ ነገር ግን የለንደንን ታሪክ ሳያነቡ ትክክለኛውን ፈርደዋል።

በለንደን ከ1961 ጀምሮ በስልክ የሚጠሩ ትንንሽ መኪናዎች ከሥርዓቱ ውጭ ሆነው ሲሠሩ ከቈዩ በኋላ፣ በ1998 የወጣ ሕግ እነርሱንም ወደ ፈቃድ አገባቸው፤ በ2000 ደግሞ ሥልጣኑ ሁሉ ከፖሊስ ተወስዶ በከተማይቱ ከንቲባ ሥር ለቆመው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ይህ መሥሪያ ቤት በመስከረም 2017 በስልክ መተግበሪያ የሚጠራውን ኡበርን ፈቃዱን አላድስልህም ባለው ጊዜ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 ለ15 ወር ብቻ የሚቈይ ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። በስልክ የሚጠራው መኪና ዛሬም በጐዳና ቆሞ ወይም በእጅ ተጠርቶ እንዲያሳፍር አይፈቀድለትም፤ ነጂውም የዕውቀትን ፈተና እንዲያልፍ አይጠየቅም። በጐዳና የሚያሳፍረው የጥቁሩ ታክሲ ቍጥር ግን ከ1831ዱ ሕግ ወዲህ በለንደን አልተወሰነም፤ ሳይፈተን አረንጓዴውን ምልክት የሚያገኝ ነጂም የለም።